ኳስ መምታትና ብርድ ልብስ መጭመቅ

የራሰ ብርድ ልብስ ጠረን ታውቃላችሁ? የደረቀውን አላልኩም። ውሃ ጠግቦ፣ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ የሚለውን ነው። ትንሽ በግ በግ፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና፣ ትንሽ ዝናብ ዝናብ የሚለውን። በቀደም ጣራው ላይ አፍንጫዬን ሲለኝ፣ በቃ፣ እግሬ እዚሁ ቂርቆስ አምስተኛ ፎቅ ላይ እንደታሰረ ልቤ ብቻዋን ወጥታ ሄደች። የት ሄደች? ሁለት መንግሥት ወደ ኋላ፤ ሳሙና በስሙኒ ወደሚገዛበት፣ የኔም ወገብ ቀጭን ወደነበረበት ዘመን። ወገቤ ቀጭን ነበር ስል ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ፍሬ ትስቃለች። ሳቂ፤ ግን ጻፊው።

መጀመሪያ እስር ቤቴን ላሳያችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት ካዛንቺስ ነው። ከደጄ ሦስት እርምጃ ስሄድ ጎረቤት፣ አምስት ስሄድ ሱቅ፣ አሥር ስሄድ ነገር የሚፈልገኝ ሰው አላጣም ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ ልጄ ሙሉነሽ ወደ ራሷ ቤት አመጣችኝ፤ ከመስቀል ፍላወር ወረድ ብሎ ያለ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ እንደቆመ ቀረ። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ የውሃ ታንከሩን ሊያይ በመጣ ቁጥር "እማማ፣ ዕቃው ታዟል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" ይለኛል። ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፤ የሰውዬው የሚቀጥለው ሳምንት ግን እስከዛሬ አልደረሰም። ጉልበቴ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ዳገትም እያማረረ ይወጣል፤ ቁልቁል ሲሉት ግን ይለግማል። አንድ ጊዜ ብቻዬን ልውረድ ብዬ ሦስተኛ ፎቅ የሰው በር ላይ እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉነሽ ጫማዬን ደበቀችው። የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አልጋዋ ሥር፣ ቡናማው ሻንጣ ውስጥ ነው። ግን ያላወቅሁ እመስላለሁ፤ ጥሩ አድርጋ የደበቀች ይምሰላት።

ስለዚህ ያልተዘጋብኝ መንገድ ወደ ላይ ያለው ብቻ ነው። ከኛ ፎቅ በላይ ልብስ የሚሰጣበት ጣራ አለ፤ አሥራ ስምንት ደረጃ። በነጠላ ጫማ ብረቱን ይዤ እወጣለሁ። ስመለስ በቂጤ ነው፤ እንደ ሕፃን፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ። እስከ ምድር በዚህ ዓይነት ልውረድ ብል ቀሚሱም ቂጡም አይተርፈኝም ብዬ ተውኩት። ጣራው ላይ ቆሜ በወሎ ሰፈር በኩል አውሮፕላን ሲወርድ አያለሁ፤ እሱ እንኳን ይወርዳል። ዞር ስል ደግሞ ካዛንቺስ ነው፤ ሰፊ መንገድ፣ አዲስ መብራት፣ ችግኝ፣ ክሬን። ቤቴ የቱ ጋ እንደነበር በጣቴ እፈልጋለሁ። ትናንት እዚህ ጋ ነው ያልኩት ዛሬ እዚያ ጋ ይሆንብኛል። መሬት መርገጥ አማረኝ፤ ሌላ ምንም አላልኩም። ሴሜንቶ ሳይሆን መሬት።

የሙሉነሽ ልጅ ፍሬ ለገሃር አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። ሦስት ወር ይሆናታል፣ ከአለቆቿ ጋር ጎልፍ ጀምራለች። "ኔትወርኪንግ ነው" ትለኛለች። "በኛ ጊዜ ማጎብደድ ነበር የምንለው" እላታለሁ። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ያንን ረጅም ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ጣለችና ፊቷን ይዛ ተቀመጠች።

"ምነው?" አልኳት።

"ሁክ አለብኝ እማማ።"

"ሁከት? የት ነው ሁከቱ? ሰፈር ውስጥ ነው?"

"ሁከት አይደለም፣ ሁክ! ኳሷ ደህና ትነሳና መሀል ላይ ወደ ግራ ትጠመዘዝብኛለች። በቀደም የሰው መኪና ልፈነክት ነበር። አሠልጣኙ ግሪፕሽ፣ የዱላ አያያዝሽ ነው ይላል፣ ዩቲዩብ ስዊንግሽ፣ አወዛወዝሽ ነው ይላል፣ ማለቴ በቃ፣ ግራ ገባኝ።"

"ኳሷም ግራ፣ አንቺም ግራ። ቅዳሜ አይደል ከአለቆችሽ ጋር የምትጫወቺው? ነይ እጅሽን አሳዪኝ።"

"እርስዎ ደግሞ ስለ ጎልፍ ምን ያውቃሉ?"

ፍሬ አንቱ ካለችኝ ወይ ልትለምነኝ ነው፣ ወይ እያሾፈችብኝ ነው። የዚያን ቀን ሁለተኛው ነበር። እኔም ዝም ብዬ የቤቱን መጥረጊያ አነሳሁና ያዝኩት። በሁለት እጄ፣ አንዱን ከአንዱ በታች፣ ጫማዬ ባይኖርም እግሬን ከፈት አድርጌ። የፍሬ ሳቅ ግማሽ ላይ ቆመ።

"እማማ! ይሄንን የት ለመድሽው?"

"እናትሽ ሳትወለድ" ልል ነበር። ግን ሙሉነሽ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። ሙሉነሽ እንኳን አታውቅም ነበር። እናቴ ድሮ ሆቴል ነበር የምትሠራው ብላ ነው ያደገችው፤ አባቷ ወርዶፋም፣ ነፍሱን ይማረው፣ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆኖ ነው ያረጀው፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ጠይቃው አታውቅም። የጎልፍ ሜዳው ነገር የኔና የሱ ብቻ ነበር።

"ኳሷን ካቀናሁልሽ" አልኳት ፍሬን፣ "ታወርጂኛለሽ። ሜዳው ድረስ ትወስጂኛለሽ።"

"አትወርድም!" አለች ሙሉነሽ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች። "ሊፍቱ ሳይሠራ እናቴን በደረጃ ለማንም አልሰጥም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆነውን ረሳችሁ?"

"ወንበር ላይ አስቀምጠን እናወርዳታለን እማዬ፤ የቢሮ ጓደኞቼ ጂም የሚሠሩ ናቸው።"

"ሦስት ወር ሙሉ ያልተቃና ኳስ እማማ በመጥረጊያ ልታቀናው!" ሙሉነሽ ሳቀች። "እሺ። ቅዳሜ ኳስሽ ቀጥ ካለ ጫማዋን እኔው ራሴ ጎንበስ ብዬ አደርግላታለሁ። ካልሆነ ግን ሊፍቱ እስኪሠራ ስለመውረድ አንድ ቃል እንዳልሰማ። ተስማማሽ እማዬ?"

ተስማማሁ። ሰው ታስሮ ሳለ የማይስማማበት ምን ነገር አለ?

በማግሥቱ ጣራው ላይ ወጣን። የሁለተኛ ፎቅ ሰዎች ትልቅ ብርድ ልብስ አጥበው አስጥተዋል፤ እሱን መረብ አደረግነው። ፍሬ ኳሷን አስቀምጣ ትመታለች፣ ብርድ ልብሱ ጧ ይላል፣ ውሃ ይረጨናል። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ እጇን አያለሁ። አየሁ፣ አየሁ፣ ምንም አልታየኝ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ነው እኮ! ዓይኔም እንደ ጉልበቴ ለገመ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ነፋሱ ተነሣና ያ የራሰ ሱፍ ጠረን ፊቴ ላይ ተዘረጋ።

ያኔ ነው የሄድኩት።

ከካዛንቺስ ጠዋት በእግሬ ነበር የምወጣው። ሁለት ለሁለት ተፋጠው የሚቀመጡበት ታክሲ ነበረ፣ ውይይት ነበር የምንለው፤ ስሙኒ ነው፤ ግን በስሙኒ አምስት ዳቦ ይገዛል፣ ማን ይሳፈራል? ዳቦ ቤቱ ጥግ ስደርስ ሽታው ያንገዳግደኛል። ከፊት ለፊቱ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን ውጭ ሰቅሎ አንዱን ዘፈን በቀን አሥር ጊዜ ያስጮኸዋል፤ ግጥሙን የማያውቅ የሰፈር ሕፃን አልነበረም። ጎረምሶቹ ጠጉራቸውን እንደ ጎፈር አሳድገው፣ መንገዱን የሚጠርግ ሱሪ ለብሰው ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። እኔ ቢጫ ናይለን ቀሚስ ነበረችኝ፤ አንድ ናት፤ ስትታጠብ በአንድ ሰዓት ትደርቃለች። ከሥሯ ላስቲክ ጫማ። ዝናብ ሲመጣ ጫማው ውስጥ ውሃው ቹፍ ቹፍ ይላል፣ እነሱም "ሞተሩ ተነሣ!" ይሉኛል። ተቆጥቼ እሄዳለሁ፤ ጥጉ ላይ ስታጠፍ ግን እስቃለሁ።

የምሠራው ጎልፍ ሜዳ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። ቤቱ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ፎጣ፣ አንሶላ፣ የእንግዳ ክፍል ብርድ ልብስ፣ ጉልበቱ በሣር የቆሸሸ ነጭ ሱሪ እናጥባለን። ተቆጣጣሪው አንድ ሕግ ነበረው፤ አጣቢ ሣሩን አይረግጥም። በጓሮ በር ገብተን በጓሮ በር እንወጣለን። አስቡት እንግዲህ፤ ስንት ዓመት ሣሩን ከሰው ሱሪ ላይ ሳጥብ ኖሬ ተቆጣጣሪው ባለበት አንድ ቀን እንኳ አልረገጥኩትም። ያለችን አንዲት መስኮት ናት፤ ሽቦ የተመታባት፣ ከመሬቱ እኩል የሆነች። ከመስኮቷ ፊት ለፊት የመጀመሪያዋ ኳስ የምትመታበት ቦታ ነው። መስኮቷ ዝቅ ስላለች የሰዎቹ ፊት አይታይም። ከጫማ እስከ ደረት ብቻ። እኔ ትልልቁን ሰው ሁሉ በእጁና በወገቡ ነው የማውቀው። ፊቱን መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም፤ እጁን ቢያሳየኝ ግን ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እነግረው ነበር። ከሌሎቹ አጣቢ ሴቶች ጋር ኳሷ ሳትመታ እንወራረዳለን፤ "ቀኝ!" "ግራ!" እኔ ተሸንፌ አላውቅም።

ወርዶፋ ኳስ ፈላጊ ነበር። ኳስ ሲጠፋ እየሮጠ የሚያመጣው እሱ ነው። እሱንም መጀመሪያ በእግሩ ነው ያወቅሁት፤ አንዱ ካልሲው ሁልጊዜ ይወርዳል። ሰኞ ሰኞ ሜዳው ዝግ ነው፣ ተቆጣጣሪውም አይመጣም። አንድ ሰኞ ያ ካልሲ መስኮቷ ፊት ቆመ።

"አንቺ አጣቢዋ፣ አስካለ፣ ውጪ። ሁልጊዜ ግራ፣ ቀኝ እያልሽ ከምትጮሂ አንድ ቀን ምቺው" አለኝ።

ወጣሁ። ሣሩ በላስቲክ ጫማዬ ሥር ጭብጥ ሲል ልቤ ደነገጠ። ዱላውን ያዝኩ፣ መታሁ፣ ኳሷ ተነሣችና ተጠምዝዛ ግራ ጠርዝ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ውስጥ ገባች። ደገምኩ፤ እዚያው። ወርዶፋ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"አንቺ እኮ እየመታሽ አይደለም፤ እየጨመቅሽ ነው!"

ይሄን ነበር የረሳሁት። ጣራው ላይ ከበርጩማዬ ተነሣሁ።

"ፍሬ! እጅሽን እንዳለ አቁሚው! እንዳታንቀሳቅሺ!"

አየሁት። ቀኝ እጇ ከሥር ገብቶ ዱላውን ተሸክሞታል፤ ግራ እጇ ከላይ ተገልብጧል፤ ጨምድዳ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቿ ነጥተዋል። ኳሷ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇ ከግራዋ ላይ ገልበጥ ይላል። ብርድ ልብስ አጨማመቅ ነው! ይሄን ደግሞ ማን አስተማራት? እኔ ነኛ! ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ አስይዣት፣ "ጨብጪ! ገልብጪ! ጠምዝዢ!" እያልኩ ያሳደግኳት። ካላላችው ውሃ የጠጣው ብርድ ልብስ አዙሮ ይጥላት ስለነበር አንድ ቀን አልለቀቀችም። አስተምሬያት ተሳካልኝ፤ እስከዛሬ እየጨመቀች ነው።

"አሠልጣኙ ይሄን አልነገረኝም" አለች።

"አሠልጣኙ ብርድ ልብስ ጨምቆ ያውቃል?"

ከዚያ ወርዶፋ ያስተማረኝን አስተማርኳት። "ግራ እጅሽን ቁልቁል ስታዪው ስንት የጣት አንጓ ይታይሻል?" አራት አለች። "ሁለት ብቻ እስኪታይሽ መልሺው። ቀኝ እጅሽ ከሥር ይውጣ፣ ከጎን ይምጣ። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሀል ያለችው ስንጥቅ ትከሻሽን እያየች ነው፤ አገጭሽን ትይ።" አስተካከለች፤ ግን ልትመታ ስትል እንደገና ጨመደደች። ልማድ ነዋ። ቤት ከቂርቆስ ሥዕል ሥር ካስቀመጥኩት ጧፍ አንድ አስመጣሁና በዱላው ፈንታ እሱን አስያዝኳት። ወርዶፋም ያኔ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ጧፍ ካጠበቅሽው ይጎብጣል፣ ካላላሽው ይወድቃል። "በይ፣ ሳይጎብጥ ወዝውዢው" አልኳት። ሦስት ጧፍ አጎበጠችብኝ፤ ቂርቆስ ይቅር ይበለኝ፣ አራተኛው ቀጥ እንዳለ ቀረ።

"አሁን ወገብሽ" አልኳት። "ወገብሽ ሲቆም እጅሽ ብቻውን ሮጦ ይገለበጣል። እምብርትሽ ዞሮ ኳሷ የምትሄድበትን ይይ።"

"እምብርቴ?"

"አዎ፣ እሱም ይጫወት። ሁሉን ሥራ ለእጅ ብቻ ጥለሽ!"

ሐሙስም፣ ዓርብም ወጣን። ሥራ ቦታ እንኳ ጧፍ ይዛ ሄዳለች፤ አለቃዋ መብራት ሊጠፋ ነው እንዴ ብሏታል። ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ብርድ ልብሱ ሦስት እርምጃ ላይ ነው ያለው፤ ኳሷ የምትጠመዘዘው ግን ሩቅ ሄዳ ነው። ጧ ብሎ ይውጣታል፣ ቀጥ ትበል ትጣመም አይናገርም። ከጣራው ላይ መልቀቅ ደግሞ አይቻል፤ ከሥር የሰው ጭንቅላት አለ። ስለዚህ አቅንቻት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ሙሉነሽ ብቻ ያወቀች ይመስል እየዘፈነች ሽንኩርት ትከትፋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፍሬ ሄደች። እኔ በረንዳው ላይ ወንበር ይዤ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ከታች ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይጣላል፣ አንዷ ቲማቲም ትመርጣለች፤ እኔ እንደ ዕቃ ከላይ ተቀምጫለሁ። ካልተቃናች በቃ፣ ይቺው በረንዳ፣ ይሄው ጣራ፣ በቂጥ አሥራ ስምንት ደረጃ። ያቺ ሽቦ የተመታባት መስኮት ትዝ አለችኝ። ያኔ ከሥር ሆኜ የሰው እግር ሳይ፣ አሁን ከላይ ሆኜ የሰው አናት ሳይ። መሀሉ ላይ ብቻ ነበር ከሰው እኩል የቆምኩት፤ ካዛንቺስ ደጄ ላይ።

ስልኩ ጮኸ። ቪዲዮ ነው፤ ጓደኛዋ ነው የያዘላት። እሱ ደግሞ ምኑን እንደሚቀርፅ እንጃ፣ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ዝም። ሙሉነሽም ቢላዋውን ይዛ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። አንድ ደመና አለፈ።

ከዚያ የፍሬ ጩኸት፦ "እማማ! ጫማሽን አድርጊ!"

ሙሉነሽ ገብታ ቡናማውን ሻንጣ ስትጎትት ሰማሁ። ተመልሳ ፊቴ ቁጭ ብላ እግሬን ጭኗ ላይ አነሳችና ጫማውን ማሰሪያውን እያላላች አስገባችልኝ።

"እንዳትወድቂብኝ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"አውቃለሁ ልጄ" አልኳት። "ግራውን አጥብቂው፤ ሻንጣው ውስጥ ተኝቶ ሰፍቷል።"

ከሰዓት ሁለት የፍሬ የቢሮ ጓደኞች በፕላስቲክ ወንበር አወረዱኝ። ሙሉነሽ ከፊት ከፊት ኋሊት እየወረደች፣ ብወድቅ ልትቀልበኝ እጇን ዘርግታ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ያቺን በር ምላሴን አወጣሁባት። ምድር ስንደርስ "አስቀምጡኝ" አልኳቸውና በገዛ እግሬ ቆምኩ። አስፋልት ነው፣ መሬትም አይባል፤ ግን አልተንቀሳቀሰብኝም።

ስንደርስ ሜዳው አንሷል። ወይ እኔ ነኝ ድሮ ትልቅ ያደረግሁት። በፊት ለፊት በር ነው ያስገቡኝ፤ ዘበኛው ብድግ አለልኝ። ማጠቢያ ቤቷ ዕቃ ቤት ሆናለች፤ መስኮቷን በብሎኬት ደፍነዋታል። ሄጄ በእጄ ዳበስኳት። ከውጭ በኩል ምን ያህል ዝቅ ያለች እንደነበረች የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ፍሬ አንድ ኳስ ለኔ ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ዱላዋን ሰጠችኝ።

"እማማ፣ ሁለት አንጓ፣ ጧፍ፣ እምብርት" አለችኝ፤ የኔኑ ለኔ።

"እሺ መምህር" አልኳት። ያዝኩ። ጉልበቴን አስተካከልኩ። ከዚያ ጭምድድ አድርጌ፣ ቀኝ እጄን ከሥር አስገብቼ፣ ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ እንደሚጨመቅ አድርጌ መታኋት። ብዙ አልራቀችም፤ ግን ተነሣችና ታጠፈች፤ ወደ ግራ፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ። የተቆረጡት ተቆርጠው፣ ጥቂቶቹ እንዳሉ ናቸው።

"ውይ እማማ! ጨመቅሻት እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ለምን..."

"ወርዶፋ ኳሴን ያቀናልኝ በአራተኛው ሰኞ ነው" አልኳት። "ቀጥ ብላ ሄዳ መሀል ሜዳ ላይ ቁጭ አለች። እሱም ብቻውን ሮጦ፣ ወዲያው አንስቷት መጣ። ምን ይረባል? በአምስተኛው ሰኞ መልሼ ጨመቅኋት። አያትሽም ገብቶታል፤ እንዴት ጠመመች አላለኝም። 'ነይ አብረን እንፈልጋት' አለኝ።"

ፍሬ ዱላዋን ከእጄ ወስዳ ቀረብ አለችኝ። ከኋላዋ ሙሉነሽም፤ የአባቷን ታሪክ በዚህ ዕድሜዋ ልትሰማ። ክንዴን ለሁለቱም ሰጠኋቸው፣ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ።

"ኑ እንፈልጋት" አልኳቸው። "ቀስ ብላችሁ ግን፤ ቶሎ ካገኘናት ወደ ላይ ትመልሱኛላችሁ።"